የቆየ ሎፍት አድሶ የቢልዲንግ ኮንትሮል ሰርተፍኬት ማግኘት፦ በእንግሊዝ አሮጌ ቤት ለገዙ ዝርዝር መመሪያ

ለንደንም ሆነ በርሚንግሃም አሮጌ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ይገባሉ። ጣሪያው ስር ድሮ የተሠራ ክፍል፣ ማለትም ሎፍት፣ አለ። ሻጩ መኝታ ቤት ነው ብሎ አሳይቷል፤ ስራው የግንባታ ሕግ ማሟላቱን የሚያረጋግጠው የቢልዲንግ ኮንትሮል ወረቀት ግን የለውም። ገዢው ቢልደር ይጠራል፣ ግድግዳው አዲስ ቦርድ ይለብሳል፣ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ቤቱን ለመሸጥ ወይም ሞርጌጅ ለመቀየር ሲነሱ ሶሊሲተሩ ሰርተፍኬት አምጡ ይላል። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያ ቃሉ «ክፈቱልኝ» ነው። አዲሱ ልስን ይፈርሳል፣ ገንዘቡም እንደገና ይወጣል።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች አታቀያይሩ። መመሪያው የእንግሊዝን ሕግ የሚከተል ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የተለየ አሠራር ስላላት ለዚያ አይሆንም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን አጣሩ

በመጀመሪያ ክፍሉ መቼ እንደተሠራ እወቁ። ቤቱን ስትገዙ ሶሊሲተሩ የሰጣችሁን ፋይል አውጡና ስለ ሎፍቱ የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ። የካውንስሉን የፕላኒንግ መዝገብ በድረ ገጹ ላይ በአድራሻችሁ ፈልጉ። ፕላኒንግ እና ቢልዲንግ ኮንትሮል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትዘንጉ፤ የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይተካም።

ወሳኟ ቀን ኖቬምበር 11፣ 1985 ናት።

• ክፍሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ፈቃድ ከተሠራ፣ ሬጉላራይዜሽን የሚባለውን ማመልከቻ ለካውንስሉ ማስገባት ትችላላችሁ።
• ከዚያ በፊት ከተሠራ ግን በሬጉላራይዜሽን ሰርተፍኬት ማግኘት አይቻልም። መንገዱ የስትራክቸራል ኢንጂነር ሪፖርት ማሠራትና የምትጨምሩትን አዲስ ስራ በዛሬው ሕግ ማስፈቀድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱን ቶሎ ልትሸጡ ከሆነና ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ መግዛትን እያሰባችሁ ከሆነ፣ ሶሊሲተራችሁን ሳታማክሩ ለካውንስሉ እንዳትደውሉ። ካውንስሉ ስለ ክፍሉ ካወቀ ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ አይሸጥላችሁም። ነገር ግን ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ካውንስሉ እርምጃ ሲወስድ የሚመጣውን ወጪ ነው። የደከመ ወለል አያጠነክርም፣ ከእሳትም አያድንም። ልጆቻችሁ እዚያ የሚያድሩ ከሆነ በወረቀት ብቻ እንዳትዘናጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

«ድሮ የተሠራ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም» የሚለውን ወሬም ተዉት። ካውንስሉ ሕግ ያላሟላ ስራ እንዲፈርስ ወይም እንዲስተካከል ማዘዝ የሚችልበት ጊዜ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ከ1 ዓመት ወደ 10 ዓመት ከፍ ብሏል።

የምትኖሩት ፍላት ውስጥ ከሆነ የሊዝ ውሉን አንብቡ። ከላያችሁ ያለው የጣሪያ ቦታ የፍሪሆልደሩ (የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት) ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ያለ እሱ የጽሑፍ ፈቃድ አንድ ምስማር እንኳ አትምቱ።

2. ሁለቱን ማመልከቻዎች ለዩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ሬጉላራይዜሽን የሚመለከተው ድሮ የተሠራውን ነው፤ የሚመዘነውም ስራው በተሠራበት ጊዜ በነበረው ሕግ ነው። የሚቀርበውም ለካውንስሉ ብቻ ነው። አሁን የምትሠሩት አዲስ ደረጃ፣ አዲስ ወለል ወይም አዲስ ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ) ግን በዛሬው ሕግ ይመዘናል፣ የራሱም ማመልከቻ ያስፈልገዋል። ለዚህኛው ካውንስሉን ወይም የተመዘገበ የግል ቢልዲንግ ኮንትሮል ድርጅት መምረጥ ትችላላችሁ። ሁለቱም ስራ ካለባችሁ ግን ሁሉንም በካውንስሉ በኩል አድርጉት፤ አንድ ኢንስፔክተር ሙሉውን ቤት ሲያውቀው ይሻላል።

ለአዲሱ ስራ ሁለት መንገድ አለ፦ ቢልዲንግ ኖቲስ እና ፉል ፕላንስ። ኖቲሱ ፈጣን ነው፤ ግን ፕላን አይጸድቅላችሁም። ስህተት ካለ የሚታወቀው ስራው ከተሠራ በኋላ ነው። በፉል ፕላንስ ሥዕሉና የኢንጂነሩ ስሌት አስቀድሞ ይታያል፤ ካውንስሉ በ5 ሳምንት ውስጥ ይመልሳል፣ ከተስማማችሁ ደግሞ ሊያራዝም ይችላል። ለአሮጌ ሎፍት ያለ ጥርጥር ፉል ፕላንስ ምረጡ።

3. ክፈቱና እዩ

ፕላን ከመሣሉ በፊት ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ማየት አለባችሁ። ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ።

• አስቤስቶስ፦ በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተለጠፈ ቦርድ፣ የተጠረበ የሚመስል የኮርኒስ ቀለም ወይም የቧንቧ ሽፋን ካለ ሳትነኩት ናሙናውን በባለሙያ አስመርምሩ። ከተገኘ ስራውን አቁሙ፤ ቢልደሩ «ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ» ቢላችሁ አትፍቀዱ።
• የሌሊት ወፍ፦ የሌሊት ወፎችና መጠለያቸው በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በጣሪያው ጥግ ኩሳቸውን ካያችሁ ስራ ሳትጀምሩ የሥነ ምሕዳር ባለሙያ ጥሩ።
• መብራት፦ የፎቁን መስመር ከፊውዝ ሳጥኑ አጥፉ። ድሮ የተሠሩ ሎፍቶች ውስጥ ሽቦ ያልታሰበበት ቦታ ያልፋል።

ከዚያ እነዚህን ቦታዎች ክፈቱ፦

ሀ. የወለሉን ጣውላ ከክፍሉ መሃልና ከግድግዳው ጥግ አንሱ። ጆይስት የሚባሉትን የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ቁመት፣ ውፍረትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። የሚያርፉበትን ግድግዳም እዩ።

ለ. ጥግ ላይ ያለችውን አጭር ግድግዳ ቦርድ አንሱና ወደ ጣሪያው ጫፍ በባትሪ ተመልከቱ። ክዳኑን የሚሸከሙት እንጨቶች ተቆርጠዋል? ድሮ ሰያፍ ድጋፍ የነበረበት ቦታ ላይ የተቆረጠ ጫፍ ወይም ባዶ የምስማር ቀዳዳ አለ?

ሐ. ዘንበል ካለው ኮርኒስ አንድ ቦርድ አውርዱ። ኢንሱሌሽን አለ? ከክዳኑ ስር ያለው ጥቁር ሬንጅማ ጨርቅ ነው ወይስ እርጥበት የሚያሳልፍ ዘመናዊ ሽፋን?

መ. የጭስ ማውጫው ግንብ ታች ክፍል ውስጥ ፈርሶ ላይኛው ብቻ ቀርቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ቀርቶ ከሆነ ምን እንደተሸከመው እወቁ። ምንም ደጋፊ ካልታየ ከስሩ ያለውን ክፍል ባዶ አድርጉና ኢንጂነሩን በዚያው ቀን ጥሩ።

ሠ. ቴራስ ቤት (ከጎረቤት ቤቶች ጋር በመደዳ የተያያዘ) ከሆነ ከጎረቤት የሚለያችሁ ግድግዳ እስከ ክዳኑ ድረስ መድረሱን እዩ። በአንዳንድ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ላይ ጣሪያው ስር ሲደርስ ግድግዳው ይቋረጣል፤ እሳትም በዚያ ያልፋል።

እያንዳንዱን ቦታ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ ክርክር ሲነሳ የሚያድናችሁ ይህ ፎቶ ነው።

4. ኢንጂነሩን አስገቡ

ሲደውሉ «ቢም (ጭነት ተሸካሚ አግዳሚ) ሥራልኝ» ብቻ ብላችሁ አትዘዙ። ከቤቱ ጣሪያ እስከ መሠረት ጭነቱ በየት እንደሚወርድ እንዲያይ ጠይቁት።

ትልቁ ጉድለት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወለሉ ነው። በአሮጌ ቤት የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ የያዙት እንጨቶች ቁመታቸው 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ አገር ቤት ሞራሌ ከምንለው እንጨት እምብዛም አይበልጡም። የተሠሩት ልስን ለመያዝና ጥቂት ሻንጣ ለማስቀመጥ ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል ግን በካሬ ሜትር 1.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 150 ኪሎ ግራም ገደማ ጭነት መቻል አለበት። ድሮ የሠሩት ሰዎች በእነዚያው ቀጫጭን እንጨቶች ላይ ቺፕቦርድ ደርድረው ክፍል ብለውታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሲራመዱበት ይወዛወዛል፣ ከታች ባለው ኮርኒስ ላይ ልስኑ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የተቆረጠ ጣሪያ ነው። ቦታ ለማስፋት ድጋፎቹ ሲቆረጡ የጣሪያው ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። መንገድ ተሻግራችሁ የጣሪያውን ጫፍ መስመር ተመልከቱ፤ መሃሉ ከጎበጠ፣ ወይም በመኝታ ቤቱ ግድግዳ አናት ላይ አግድም ስንጥቅ ካለ ክፍሉን መጠቀም አቁሙና ኢንጂነሩን አስቸኩሉ። ቤታችሁ ከ1960ዎቹ ወዲህ በፋብሪካ ትረስ (ተገጣጥሞ በሚመጣ የጣሪያ እንጨት ማዕቀፍ) የተሠራ ከሆነ ደግሞ አንዲት ቀጭን እንጨት እንኳ ያለ ኢንጂነር ስሌት አትቁረጡ፤ እዚያ ሁሉም እንጨት ጭነት ይዟል።

5. ለጎረቤት ማስታወቂያ

የብረት ቢም በጋራ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የ1996ቱ የፓርቲ ዎል ሕግ ይመለከታችኋል። ስራው ከመጀመሩ 2 ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። ጎረቤት በ14 ቀን ውስጥ ተስማምቻለሁ ብሎ ካልጻፈ እንዳልተስማማ ይቆጠራል፤ ጉዳዩን የሚፈታ ሰርቬየር (ባለሙያ) መሰየም ይኖርባችኋል፣ ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን በሩ ስር ከመወርወር በፊት ሄዳችሁ በአካል አስረዱ። ቡና አፍልቶ ፕላኑን ማሳየት ብዙ ፓውንድ ያድናል።

6. ወለሉን ሥሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

• ጣሪያው እንዳይወርድ ጊዜያዊ ድጋፍ አስገቡ። ድጋፉ የሚያርፈው ኮርኒስ ላይ ሳይሆን ኢንጂነሩ ባሳየው ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ነው።
• ቢሞቹን አስገቡ፣ ከስራቸው ኢንጂነሩ ያዘዘውን የኮንክሪት ማረፊያ አድርጉ።
• አዲሶቹን ጆይስቶች ከአሮጌዎቹ ጎን ለጎን ዘርጉ። ከታች ያለውን ኮርኒስ እንዳይነኩ በትንሹ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበሉ፤ እንጨቱ ሲጎብጥ ልስኑን መግፋት የለበትም። ለግምት ያህል 47 በ 195 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲ 24 (የጥንካሬ ደረጃ ነው) እንጨት በ400 ሚሊ ሜትር ርቀት ሲደረደር 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የስሌቱ ነው።
• ወለሉ ለ30 ደቂቃ እሳት መቋቋም አለበት። አሮጌው ኮርኒስ ሲቀር የተለመደው መላ የዶሮ ሽቦ ነው፦ ሽቦው በጆይስቶቹ መካከል እንደ ቅርጫት ይወርድና በትላልቅ ስቴፕል እንጨቱ ላይ ይመታል፣ በላዩ 100 ሚሊ ሜትር የማዕድን ሱፍ ይተኛል። ኮርኒሱ ቢወድቅ እንኳ ሱፉ በሽቦው ተይዞ ወለሉን ይጠብቃል። ኢንስፔክተሩ ይህን በዓይኑ ካላየ በላዩ ጣውላ አትምቱ።

ችግር ሲገጥም፦ አዲሱ ወለል ከፍ ስለሚል የራስ ከፍታ ይቀንሳል። ለክፍሉ ራሱ ሕጉ ዝቅተኛ ከፍታ አይወስንም፤ ግን ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ካልደረሰ ክፍሉ ለኑሮ አይመችም። እንዲህ ከሆነ እንጨቱ አነስ ብሎ እንዲቀራረብ ወይም መሃል ላይ ቢም እንዲጨመር ኢንጂነሩን ጠይቁ።

7. ደረጃው

አሮጌ ሎፍቶች ከወለል ቀጥሎ የሚወድቁት እዚህ ነው። ተጎታች መሰላል የክፍል መውጫ ሆኖ አይቆጠርም። የሚፈለገው ይህ ነው፦

• ቁልቁለቱ ከ42 ዲግሪ አይበልጥም።
• የእርከኑ ቁመት ቢበዛ 220፣ መርገጫው ቢያንስ 220 ሚሊ ሜትር። ሁሉም እርከን እኩል ይሁን።
• ከእርከኑ ጫፍ ወደ ላይ 2 ሜትር ክፍት ቦታ። ለሎፍት ቦታ ሲጠብ መሃሉ ላይ 1.9፣ በዝቅተኛው ጎን 1.8 ሜትር ይፈቀዳል።
• መደገፊያው ከ900 እስከ 1000 ሚሊ ሜትር ከፍታ። በብረቶቹ ወይም በእንጨቶቹ መካከል 100 ሚሊ ሜትር ኳስ ማለፍ የለበትም።

ቀኝና ግራ እግር እየተፈራረቀ የሚረግጠው ጠባብ ደረጃ የሚፈቀደው ለመደበኛ ደረጃ በፍጹም ቦታ ሲጠፋና የሚያወጣው ወደ አንድ ክፍል ሲሆን ብቻ ነው። ትንንሽ ልጆችና እናት አባት ላሉበት ቤት አልመክረውም።

ከፍታው ካልበቃ ደረጃው ጣሪያው ከፍ ወዳለበት መሃል እንዲዞር አድርጉ፣ ወይም ከደረጃው በላይ ትንሽ ዶርመር (ከጣሪያው ወጣ ብሎ የሚሠራ ባለ መስኮት ክፍል) አስወጡ። ዶርመሩ የፕላኒንግ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቴራስ ቤት ያለ ፕላኒንግ ፈቃድ ጣሪያውን በጠቅላላው እስከ 40 ሜትር ኩብ፣ ሌላው እስከ 50 ሜትር ኩብ ማስፋት ይችላል። ድሮ የተጨመረው ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። ኮንሰርቬሽን አካባቢ (ታሪካዊ ገጽታው የሚጠበቅ ሰፈር) ያሉ ቤቶችና ፍላቶች ይህ መብት የላቸውም።

8. የእሳት መውጫ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ሎፍት ሲጨመር የላይኛው ወለል ከመሬት ከ4.5 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከዚያ ከፍታ በመስኮት መዝለል አይታሰብም። ከ2007 በፊት በመሰላል የሚደረስበት የሎፍት መስኮት እንደ መውጫ ይቆጠር ነበር። አሁን ለአዲስ ስራ አይሆንም። ስለዚህ ከሎፍቱ እስከ ውጭ በር ያለው ደረጃና ኮሪደር በሙሉ ለ30 ደቂቃ እሳት መቋቋም አለበት።

• ወደዚህ ኮሪደር የሚከፈት የሳሎን፣ የወጥ ቤትና የመኝታ ቤት በር ሁሉ እሳት የሚቋቋም ይሁን። ሕጉ በትንሹ 20 ደቂቃ ይላል፤ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ኤፍ ዲ 30 (30 ደቂቃ የሚቋቋም በር) ስለሆነ እሱን ግዙ። ሲሞቅ የሚያብጠው ስትሪፕ በሩ ወይም ፍሬሙ ውስጥ ይግባ። በሩ ከፍሬሙ ጋር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑረው፤ አናጢው በጣም ከላገው በሩ ዋጋ የለውም።
• ከኮሪደሩ ጎን ያሉ ቀጫጭን የመስታወት መስኮቶች ይደፈኑ ወይም እሳት በሚቋቋም መስታወት ይተኩ።
• በየፎቁ ኮሪደር ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘ፣ ባትሪ ያለውና እርስ በርስ የተገናኘ የጭስ አላርም ይኑር። አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃል። ወጥ ቤት የሙቀት አላርም ጨምሩ፤ የሽሮ ወጥ ጭስ በየቀኑ እንዳያስጮኸውና ሰው ነቅሎ እንዳይጥለው።

ደረጃው ሳሎን ውስጥ የሚወርድ ከሆነ ትልቅ ጉዳይ ነው። ወይ ኮሪደር በግድግዳ ለዩ፣ ወይም ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጭ) ከመለያ ግድግዳ ጋር የሚፈቀድ እንደሆነ ከኢንስፔክተሩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ከመስማማታችሁ በፊት ምንም ዕቃ አትግዙ።

9. ኢንሱሌሽን

ዘንበል ያለውን ጣሪያ ከግማሽ በላይ ስትከፍቱ ሕጉ ኢንሱሌሽኑ እንዲሻሻል ያስገድዳል፤ ግቡ 0.16 ዩ ቫልዩ (ሙቀት የሚያመልጥበት መጠን፤ ሲያንስ ይሻላል) ነው። በጠንካራ የፒ አይ አር (የፎም ኢንሱሌሽን) ቦርድ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፦ የተወሰነው በእንጨቶቹ መካከል፣ የቀረው ከስራቸው።

ከክዳኑ ስር ያለው ጥቁሩ ሬንጅማ ጨርቅ ከሆነ በእሱና በቦርዱ መካከል 50 ሚሊ ሜትር የአየር መተላለፊያ ተዉ፣ ከጣሪያው ግርጌም እስከ አናቱ ድረስ አየር ይግባና ይውጣ። ብዙ ቢልደር ቦርዱን እስከ ጥግ ይጠቀጥቀዋል፤ በሁለተኛው ክረምት እንጨቱ ይረጥባል፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። በክፍሉ በኩል ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ አሽጉ።

ውፍረቱ ራስ የሚያስነካ ከሆነ ለኢንስፔክተሩ ልኬቱን አሳዩና የሚቻለውን ያህል እንዲቀበል ጠይቁ፤ ሕጉ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። መልሱን ግን በኢሜይል ያዙት።

10. መብራትና ውሃ

አዲስ የመብራት መስመር የሚዘረጋው ኤሌክትሪሺያን በመንግሥት በታወቀ ስኪም የተመዘገበ ይሁን፤ የራሱን ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። ሰርተፍኬቱን ሳይሰጥ የመጨረሻ ክፍያ አትክፈሉ። መታጠቢያ ቤት ካለ በሰከንድ 15 ሊትር አየር የሚያወጣ ፋን ይገጠም፣ ቱቦውም ጣሪያው ስር ሳይሆን ውጭ ድረስ ይውጣ።

11. ኢንስፔክተሩን ጥሩ፣ ከዚያ ዝጉ

በእነዚህ ጊዜያት ማንም ምንም ከመሸፈኑ በፊት ኢንስፔክተሩ ማየት አለበት፦ ቢሞቹ ሲቀመጡ፣ ጆይስቶቹና ሱፉ ክፍት ሳሉ፣ ኢንሱሌሽኑ ከቦርዱ በፊት፣ በመጨረሻም በሮቹ፣ ደረጃውና አላርሞቹ ሲያልቁ። ቀጠሮውን ለቢልደሩ ብቻ አትተዉት፣ እናንተም ደውሉ። በውሉ ላይም «የመጨረሻው ክፍያ የሚከፈለው ኮምፕሊሽን ሰርተፍኬት ሲወጣ ነው» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ይህ አንቀጽ ካልገባ ቢልደሩ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ወረቀቱን የምትሮጡለት እናንተ ናችሁ።

ኢንስፔክተሩ ካልተቀበለ ጉድለቱን በዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ዝርዝሩን ለኢንጂነሩ ላኩ፣ የመፍትሔ ሥዕሉን መልሳችሁ አስጸድቁ፣ ከዚያ ብቻ አሠሩ። በቃል የተነገረ «ይሄን አስተካክሉና ይበቃል» ላይ ተመሥርታችሁ ስራ አትጀምሩ፤ ኢንስፔክተር ሊቀየር ይችላል።

ሰርተፍኬቶቹ ሲደርሷችሁ፣ ማለትም የሬጉላራይዜሽኑ፣ የአዲሱ ስራና የኤሌክትሪኩ፣ አድራሻውና የስራው መግለጫ ትክክል መሆኑን እዩ። «ሎፍት እድሳት» ብቻ ተብሎ መኝታ ክፍሉ ካልተጠቀሰ ወዲያው እንዲታረም ጠይቁ። ከዚያ ቅጂውን ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ላኩና ክፍሉ መኝታ ቤት ተብሎ እንዲመዘገብ አድርጉ።